የማሳው ካርታ በማን እጅ ይቆያል?



የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ስለሆነም የአባላት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር የገበሬው ስም፣ ስልክና የማሳው ካርታ አብረው ይገባሉ። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል።

ከዚህ በመነሳት ማንኛውም ዩኒየን ከሶፍትዌር አቅራቢ ጋር ከመፈራረሙ በፊት ሦስት ነጥቦች በውሉ ሊሰፍሩ ይገባል፦ መረጃው የማን እንደሆነ፣ አባሉ ሳያውቅ ለሌላ ወገን እንደማይተላለፍ፣ ውሉ ሲቋረጥም መዝገቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ። ይህ ሳይጻፍ ከቀረ፣ አቅራቢው በተቀየረ ዕለት ዩኒየኑ የራሱን አባላት መዝገብ ለምኖ ይቀበላል። ገበሬው ማሳውን ያስለካው ማኅበሩን አምኖ ነው፤ እምነቱም በውል ይጠበቅ።