የርግቢቱ ሸለቆ፤ ቅርስና ነዋሪ በአንዲት የአየርላንድ መንደር



ስለ ቅርስና ልማት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ በሩቅ አገር ያለች አንዲት ትንሽ መንደር መረጥሁ። በአየርላንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ በዶኔጋል አውራጃ፣ ግሌንኮለምኪል ትባላለች። ትርጓሜውም «የኮልም ኪሌ ሸለቆ» ማለት ነው። ኮልም ኪሌ፣ «የቤተ ክርስቲያን ርግብ»፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው መነኩሴ ኮሎምባ የሚጠራበት ስም ነው።

ሸለቆዋ ከክርስትና በፊትም ሰው የኖረባት ስትሆን፣ በአካባቢዋ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታትን ያስቆጠሩ የድንጋይ መቃብሮች ይገኛሉ። የጥንት ክርስቲያኖችም መስቀል የተቀረጸባቸው የቆሙ ድንጋዮችን ትተውላታል። በየዓመቱ በመነኩሴው መታሰቢያ ዕለት፣ ጁን 9 ማለትም በእኛ ሰኔ 2፣ ምእመናን 15 ማረፊያዎች ባሉት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እየጸለዩ ይዞራሉ። እንደ ጥንቱ ልማድ በባዶ እግር ነው፤ ይህን ለእናንተ ማብራራት አያሻኝም።

ይህ ሁሉ ቅርስ እያላት መንደሯ ሰው አልባ ልትሆን ተቃርባ ነበር። አባ ጄምስ መክዳየር የተባሉ የካቶሊክ ካህን እ.ኤ.አ. በ1951 ወደዚያ ሲመደቡ፣ መብራት የለም፣ የቧንቧ ውኃ የለም፣ ፋብሪካ የለም። ወጣቱም በስደት ያልቃል። ካህኑ በነዋሪው ጉልበት አዳራሽ አሠሩ፤ መብራትና ውኃ እንዲገባ ባለሥልጣናትን ወተወቱ፤ የአትክልትና የሹራብ ሥራ በኅብረት እንዲጀመር አደረጉ። ሁሉም ግን አልጸናም። የአትክልቱ ሥራ ከጊዜ በኋላ ተቋረጠ፤ ስደቱም ፈጽሞ አልቆመም። ይህን የማነሣው፣ እኛ በሪፖርታችን የተሳካውን ብቻ መጻፍ ስለለመድን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው የባህል መንደር ግን ዛሬም ይሠራል። የ18ኛው፣ የ19ኛውና የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አኗኗር የሚታይባቸው የሣር ክዳን ቤቶች ናቸው። የውቅያኖሱ ነፋስ እንዳይነቅለው ክዳኑ በገመድ ተወጥሮ፣ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ባሉ ድንጋዮች ላይ ይታሰራል። ቤቶቹ የመኳንንት አይደሉም፤ የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ጎጆዎች ናቸው። ድህነቱን ሊረሳው የሚወድ ሰው እንዴት ያን ጎጆ ለእንግዳ አሳየ እያልሁ እገረማለሁ።

በግሌ ግን ከቤቶቹ ይልቅ ቋንቋው ይበልጥብኛል። በአየርላንድ ብዙ ወላጆች «ልጄ ሲሰደድ አይጠቅመውም» ብለው የተዉት ቋንቋ፣ በዚህች መንደር ከ1984 ጀምሮ ለጎልማሶች ይሰጣል። ተማሪው ከውጭ ይመጣል፤ በነዋሪው ቤት ያድራል፣ ይመገባል፣ ይከፍላል። የተናቀው ነገር ለቤተሰብ እንጀራ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ በየቡድናችሁ ስትቀመጡ፣ ከምትሠሩበት ወረዳ አንድ ቅርስ መርጣችሁ፣ ማን እንደሚጠብቀውና ያ ሰው በምን እንደሚተዳደር እንድትጽፉልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።