የሊፍት ጉድጓድና የክስ ጊዜ



ከቀየት ደብዳቤ ደርሶኛል። ጥያቄው ለኔ አዲስ አይደለም፤ ከሞላሌም ከመሐል ሜዳም ደውለው ይህንኑ የሚጠይቁኝ አሉ። «የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ሕንፃ ላይ ባሬላ ሲሸከም ለሊፍት በተተወው ጉድጓድ ገብቶ ዳሌው ተሰበረ። ባለቤቱን ስንጠይቅ ተቋራጩን ጠይቁ ይለናል፤ ተቋራጩ ደግሞ ልጁ ራሱ አላየም ይላል። ማንን እንያዝ?» ይላሉ ጸሐፊው።

ልጆቻችሁ ለምን አዲስ አበባ እንደሚወርዱ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጉድጓዱን ግን ላሳያችሁ። በየፎቁ ሳንቃ ያልተገጠመለት በር የሚመስል ክፍተት አለ፤ ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ባዶ ነው። ደህና ፎርማን ካለ ፊት ለፊቱ ሁለት ጣውላ ያስመታበታል። አርማታ የሚሞላበት ቀን ሲደርስ ጣውላ ያጥርና ያው ይነቀላል፣ ማንም አይመልሰውም። ባሬላ ከኋላ የያዘ ልጅ ደግሞ ከፊቱ ጓደኛውና የተጫነው ሲሚንቶ ስላሉ እግሩ የሚያርፍበትን አያይም። «አላየም» ማለት ለማንም ይቀላል!

አሁን ወደ ሕጉ። ልጁ ተቀጥሮ የሚሠራ ከነበረ ጉዳዩ የሚታየው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። «ውል አልፈረመም እኮ» የሚሏችሁን አትስሟቸው፤ ውሉ በጽሑፍ ባለመሆኑ ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

ሠራተኛ ያልሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ዘመድ ሊጠይቅ ሆስፒታል የሄደ ወይም ገበያ የወጣ፣ አልቆ ሥራ በጀመረ ሊፍት ቢጎዳስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2077 ሕንፃ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ አንቀጽ 2081 ደግሞ የማሽንን ባለቤት። አንቀጽ 2086 ላይ ስትደርሱ ደስ ይላችኋል። ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም» ቢል፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» ቢል፣ «ጥፋቱ የጥገና ድርጅቱ ነው» ቢል አያመልጥም። ከጥገና ድርጅቱ ጋር በኋላ ይተሳሰብ፤ ለእናንተ ከፋዩ እሱ ነው። ኃላፊነቱ የሚቀንስለት ወይም የሚቀርለት ተጎጂው ራሱ ሲያጠፋ ነው፣ በሩን በጉልበት ፈልቅቆ እንደ መግባት ያለ።

እንግዲህ ጸሐፊው ያልጠየቁኝን እኔ ልጠይቃቸው፦ ልጁ የወደቀው መቼ ነው? ደብዳቤው ላይ ቀን የለም። የሁላችሁም ደብዳቤ ላይ ቀን የለም! በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ፣ ከዚያ ከረዘመ ብቻ ጊዜው ይራዘማል። የሠራተኛ ክርክር ደግሞ በመሠረቱ በአንድ ዓመት ይታገዳል። አንድ ዓመት ማለት ከመስከረም እስከ መስከረም ነው፤ ልጁ አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ግማሹ ያልቃል።

እኛ የምናደርገውን አውቃለሁ። ሽማግሌ ይላካል። «እስኪ ፋሲካ ይለፍ»፣ «እስኪ አዝመራው ይሰብሰብ» ይባላል። ባለቤቱም የመሳፈሪያና የመድኃኒት ቆርጦ ይሰጥና «ዘመድ ሆነናል» ይላል። ሽምግልናን አልነቅፍም፣ ያደግሁበት ነው። ነገር ግን ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ክስ መክፈት አይደለም፤ ሽማግሌው ሲመላለስ ቀኑ አይቆምላችሁም። ታርቃችሁ ክሱን ማንሳት ትችላላችሁ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ሽማግሌ ቀርቶ ጳጳስ ብትልኩ ተከራካሪው «ይርጋ» ብሎ ይዘጋባችኋል።

ጊዜው ማስረጃችሁንም ይዞ ይሄዳል። አብረውት የሠሩት ልጆች በወር ውስጥ ሌላ ሳይት ይበተናሉ። ጉድጓዱ ሊፍት ይገባበትና የሚያብረቀርቅ በር ይሆናል፤ ያኔ ሂዳችሁ «እዚህ ነው የወደቀው» ብትሉ ማን ያምናል? የሐኪም ማስረጃ፣ የፖሊስ ቃል፣ የምስክር ስልክ፣ የቦታው ፎቶ በዚያው ሳምንት ይያዝ።

ሰዓቴ አልቋል እየተባልኩ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ልበል። ስለ ሕሊና ጉዳት ለጠየቃችሁኝ፦ ሕጉ ከ1,000 ብር በላይ አይፈቅድም። በ1952 ዓ.ም. ደህና ገንዘብ ነበር፤ ዛሬም ያው 1,000 መሆኑ ያሳፍራል። የሕክምና ወጪና የቀረ ገቢ ግን በዚህ ልክ አይታሰሩም። 

ክሱ የሚከፈተው ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ወረዳ ፍርድ ቤት ደጅ ጠንታችሁ ጊዜ አትፍጁ፣ ጉዳዩ አዲስ አበባ ነው። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለውም። ለሌላው ክስ አቅም ያጣ ሰው ከቀበሌው ማስረጃ ይዞ በደኃ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል፤ ማስረጃውን ነገ ጠዋት ጠይቁ።