የሥነ ልቡና ተማሪና የተዋሰው መጠይቅ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ሥነ ልቡና ለመማር የሚመዘገብ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሰውን ልብ ለማወቅ ወይም የተጨነቀ ወገኑን ለመርዳት ተስፋ አድርጎ ይመጣል። የሚጠብቀው ግን ስታቲስቲክስ ነው፤ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕዚግ ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ወዲህ ይህ ዕውቀት ከፍልስፍና ተለይቶ ራሱን የቻለው በመለካት ስለ ሆነ፣ የቁጥሩ ትምህርት ይቀነስልን የሚለውን አቤቱታ እኔ አልደግፍም። የሚያሳስበኝ፣ ተማሪው የተለካው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ መመረቁ ነው።

የሙለር–ላየርን ሥዕል ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሁለት እኩል መስመሮች ናቸው፤ የአንዱ ጫፎች ወደ ውስጥ የሌላው ወደ ውጭ ስለ ታጠፉ ግን አንደኛው ረዝሞ ይታያል። ብዙ ጊዜ ይህ የሰው ሁሉ ዓይን ጠባይ ነው ተብሎ ይነገራል። ሴጋል፣ ካምቤልና ሄርስኮቪትስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት ጥናት ግን የስሕተቱ መጠን ከሕዝብ ወደ ሕዝብ እጅግ እንደሚለያይ አሳየ፤ የካላሃሪን አዳኞች ሥዕሉ አላታለላቸውም ለማለት ይቻላል። ጄፍሪ አርኔትም እ.ኤ.አ. በ2008 ስድስት የአሜሪካ ሥነ ልቡና ማኅበር መጽሔቶችን መርምሮ ከተጠኚዎቹ 96 ከመቶው የምዕራባውያን ባለ ኢንዱስትሪ አገሮች ሰዎች መሆናቸውን ገልጿል።

ይህ ነገር ከእኛ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ተማሪው የውጭ አገር የድብርት መጠይቅ ያገኛል፤ በሁለት ሌሊት ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ከል የለበሱ እናት ዘንድ ሄዶ «እማማ፣ በዚህ ሳምንት አዝነዋል?» ብሎ ይጠይቃል። «እንዴታ ልጄ!» ይሉታል። እርሳቸው የነገሩት ስለ ለቅሷቸው ነው፤ እርሱ የመዘገበው ሕመም ነው። ጎረቤታቸው ያሉት ሴት ደግሞ በእውነት ታመዋል፤ ነገር ግን የሚሉት «ራሴን ያቃጥለኛል፤ ልቤን ያፍነኛል» ስለ ሆነና መጠይቁ ይህን ስለማያውቅ፣ ደኅና ናቸው ተብለው ይታለፋሉ። (አማርኛችን ስለ ጭንቀት በሆድና በልብ ስንት እንደሚናገር የምታውቁት ነው፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ልብ ይሰበራል።) እንቅልፍ የሚነሡኝ እኒህ ሁለተኛዋ ሴት ናቸው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። አንዱ ይተረጕማል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሳል፤ ልዩነቱ ይመረመራል፤ ከዚያም ጥያቄው ለጥቂት ሰዎች ተነቦላቸው ምን እንደ ገባቸው በራሳቸው አነጋገር ይጠየቃሉ። ይህ ብቻውን አንድ መንፈቀ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ አንድን መጠይቅ በዚህ መንገድ አጣርቶ ማቅረብ ለመመረቂያ ይብቃ እላለሁ። አዲስ ግኝት የለበትም የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው ሥራ 100 የታተሙ ጥናቶች እንደገና ሲሞከሩ ጉልህ ውጤት የሰጡት 36 ከመቶው ገደማ ብቻ መሆናቸው ግን፣ ከግኝት ይልቅ ማጣራት እንዳነሰን ያስረዳል።

በየመሥሪያ ቤታችሁ መሳቢያ የተቀመጡ የአማርኛ መጠይቆች ካሉ፣ ማን እንደ ተረጐማቸውና በየትኛው አካባቢ እንደ ተፈተኑ ተጽፎባቸው ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቢላኩ፣ የዘንድሮ ተማሪዎች ከዚያ ሊጀምሩ ይችላሉ።