ስለ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ስለ ጥቂት ሸክላዎች



በዛሬው ንግግሬ ስለ ኤሌክትሪክ ፒያኖና በርሱ ስለ ተዋቡ ጥቂት የሙዚቃ ሸክላዎች አወሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ይህ መሣሪያ ነቃፊ በዝቶበት የኖረ ነው። «ፒያኖን ያስመስላል እንጂ ፒያኖ አይደለም፤ የልጅ መጫወቻ ነው» ሲሉ ያናናቁት ብዙዎች ናቸው። ነቀፋው ተገቢ መሆን አለመሆኑን ለመፍረድ ግን አስቀድሞ ትውልዱንና አሠራሩን መመልከት ያሻል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃሮልድ ሮድስ የተባለ አሜሪካዊ የፒያኖ መምህር በሠራዊቱ ውስጥ ሳለ፣ በሆስፒታል የተኙትን ቁስለኞች ሙዚቃ ያስተምር ነበር። ከአልጋው መነሣት የማይችል ወታደር ወደ ፒያኖው ሊሄድ አይችልምና፣ ሮድስ ከአውሮፕላን የተረፈ የአልሙኒየም ቱቦ እየቆረጠ፣ በተኛው ሰው ጭን ላይ የሚቀመጥ 29 ድምፅ ያለው ትንሽ ፒያኖ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላም ሐሳቡን ሲያሻሽል ኖሮ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ አስገኘ። በዚህ መሣሪያ ውስጥ መዶሻው የሚመታው እንደ ተለመደው ፒያኖ የተወጠረ ክር ሳይሆን ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ የዘንጉንም ንዝረት ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ተቀብለው ወደ ድምፅ ማጉያው ይልኩታል። እንግዲህ ጣት በርትቶ ሲመታ ድምፁ ይሻክራል፤ ሲለዝብም እንደ ደወል ይጠራል። የሰው እጅ የሚታወቅበት ነገር መጫወቻ ሊባል አይገባውም።

በ1968 ዓ.ም. ሄርቢ ሃንኮክ ከማይልስ ዴቪስ ጋር ሸክላ ሊያስቀርጽ ወደ ስቱዲዮ ሲገባ የለመደውን ፒያኖ አጣ፤ በስፍራው የነበረው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ነው። በኋላ ራሱ እንደ ተረከው፣ እርሱም መሣሪያውን ከመጫወቻ ይቆጥረው ነበር፤ ነገር ግን ማይልስ በዚያው እንዲጫወት አዘዘው፤ ቁልፉን በነካ ጊዜም የድምፁ ውበት አስደነቀው።

የዚህ ትእዛዝ ፍሬ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» በተባለው ሸክላ ነው። ይህ ሸክላ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በኒውዮርክ ተቀረጸ። ሃንኮክ፣ ቺክ ኮርያና የቪየናው ተወላጅ ጆ ዛዊኑል ሦስቱም በአንድነት ተቀምጠው ተጫወቱ። ሦስት ተራ ፒያኖዎች እንዲህ ቢገጥሙ ጆሮን ባደከሙ ነበር፤ የኤሌክትሪኩ ድምፅ ግን ዳር ዳሩ ለስላሳ ስለ ሆነ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንደ ጉም ያርፋል እንጂ አይጋጭም። ለሸክላው ስሙን የሰጠውን ዜማ የደረሰው ዛዊኑል ነው፤ ማይልስ ግን በዜማው ውስጥ የነበሩትን አብዛኞቹን የድምፅ ለውጦች አስወጥቶ በአንድ ረጋ ያለ መሠረት ላይ እንዲቆም አደረገ። ደራሲው ቅር ቢለው አያስገርምም! ከጃዝ ወዳጆች አንዳንዶቹ ይህን ሙዚቃ ክህደት ነው ብለውታል። እኔ ግን ይህ ጸጥታ ያለዚህ መሣሪያ ሊገኝ ባልቻለም እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሰፋ። ኮርያ በ1972 «ሪተርን ቱ ፎሬቨር»ን፣ ሃንኮክም በ1973 «ሄድ ሃንተርስ»ን አወጡ፤ ፊተኛው ብርሃን የሞላው ሲሆን፣ ኋለኛው እግርን ለዳንስ የሚጠራ ነው። በሮክ በኩል ደግሞ «ዘ ዶርስ» የተባሉት በ1971 ባወጡት «ኤል ኤ ውማን» መጨረሻ ላይ ሬይ ማንዛሬክ ቁልፎቹን እንደ ዝናብ ጠብታ ሲያንጠባጥባቸው ይሰማል። «ፒንክ ፍሎይድ» በ1973 «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ላይ የተጠቀሙበት ወርሊትዘር የተባለው ሌላው ዓይነት ነው፤ እርሱም በዘንግ ፋንታ ስስ የብረት ምላስ ስላለው ድምፁ ይበልጥ ይነክሳል።

በ1980ዎቹ ዓመታት ቀላልና ርካሽ የሆኑት ዲጂታል መሣሪያዎች መጥተው ይህን ከባድ ዕቃ ከመድረክ አወረዱት፤ የተሸከሙት ሰዎች ሳይደሰቱ አልቀሩም። ሆኖም የኛው አገር ሰው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሺንግተን ብቻውን ባስቀረጸው ካሴት ላይ፣ ከአኮርዲዮኑ ጎን የሮድስን ፒያኖ አስቀምጦ የጥንቱን ዜማችንን ተጫውቶበታል። ካሴቱ በ2013 ዓ.ም. በሸክላ ዳግመኛ ታትሟልና፣ ፈልጋችሁ ብታገኙት ከማይልስ ሸክላ ቀጥላችሁ አድምጡት።