በገዛ ቤቱ እንግዳ የማይሆን ሹፌር

ውድ የከባድ መኪና ሹፌርነት ተመራቂዎች፤

አብዛኛውን ዕድሜዬን የከባድ መኪና መሪ ጨብጬ ያሳለፍሁ ሰው እንደ መሆኔ ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን እንድናገር ትጠብቁ ይሆናል፤ ያንን ግን መምህራናችሁ አሟልተው ስላስተማሯችሁ፣ እኔ የማነሣው ሹፌሩ ከወጣ በኋላ በቤቱ ስለሚሆነው ነገር ነው።

በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የአሰብ በር ከተዘጋብን ወዲህ የአገራችን ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ላይ ስለ ወደቀ፣ በ2010 ዓ.ም. የባቡሩ የንግድ አገልግሎት ቢጀመርም እንኳ፣ የገበሬው ማዳበሪያና በቦቴ የሚመጣው ነዳጅ ዛሬም የእናንተን ክንድ ይጠብቃል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ አልፎ በጋላፊ ኬላ የሚወጣው፣ እስከ ባሕሩም 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ፍኖት ከደጋ ብርድ ወደ አፋር ሐሩር ያወርዳችኋል፤ ከርቀቱ ይልቅ ግን ተራ መጠበቁ ያደክማል። በወደቡ ተራው እስኪደርሰው በተሳቢው ጥላ ሥር ቡታጋዝ ለኩሶ ሽሮ የሚያበስል ሹፌር፣ ልጁ መታመሙን በስልክ ቢሰማ፣ ጭነቱን ጥሎ መሄድ አይቻለውም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ጎማውን አንድ በአንድ በዱላ እየመታችሁ ድምፁን እንደምታዳምጡ ሁሉ፣ የቤታችሁንም ነገር ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ መርምሩ፤ ደመወዙ በማን እጅ እንደሚገባ፣ ልጅ ቢታመም ማን እንደሚወስን ቁርጡ ይታወቅ። ደመወዙ ለቤት ይቅር፤ ለመንገዱ የመንገዱ አበል ይብቃ። የመመለሻውን ቀን ለማፋጠን ብላችሁም እንቅልፍን በጫት አታታልሉ፤ ልጆቻችሁ አንድ ቀን ቢጠብቁ ይሻላል።

ከመሄዱ የሚከብደው ግን መመለሱ ነው። አባት ሲመጣ ዶሮ ይሠራለታል፣ ልጆቹም «አባባ ደክሞታል፣ ዝም በሉ» ይባላሉ፣ እርሱም ተከብሮ ይቀመጣል፤ በማግሥቱ ባለቤቱ በብዙ ጭንቀትና ጥበብ የወሰነችውን ነገር «ማን አዘዘሽ?» ብሎ ሲያፈርስ በብዙ ቤት አይቻለሁ። ይህ በእኔ ሕሊና ዐቢይ በደል ነው፤ ሲሄድ የተወላትን ሥልጣን ሲመለስ የሚነጥቃት ባል ልጆቹ የእናታቸውን ቃል እንዲንቁ ያስተምራቸዋልና፣ በሚቀጥለው ጉዞው ቤቱን የምታስተዳድርበት ቃል አይቀርላትም። ስለዚህ በገዛ ቤታችሁ እንግዳ መሆንን እምቢ በሉ፤ ድካማችሁን በእንቅልፍ ካሳለፋችሁ በኋላ ማለዳ ተነሥታችሁ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሱ፣ ደብተሩን ግለጡለት፣ በሌላችሁበት ስለተወሰነው ነገር ከመፍረዳችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ። እናንተም ሴት ተመራቂዎች፣ ቤቱን የሚጠብቅላችሁን ባል ጎረቤት «የሴት ሥራ ያዘ» ብሎ ሊያማው ይችላልና፣ ክብሩን በሰው ፊት እናንተው ቀድማችሁ መስክሩለት።

በመጨረሻም በዚህ የተገኛችሁ የመኪና ባለንብረቶች ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ መኪናው በወደብ ሲዘገይ ለጭነቱ ባለቤት ትደውላላችሁ፤ በዚያው ስልክ ለሹፌሩም ቤት ደውላችሁ፣ የዘገየው ተራ በመጠበቅ መሆኑን፣ መቼ ይመለሳል ተብሎ እንደሚታሰብም ንገሩልን። ለእናንተም ተመራቂዎች እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።