በስልካችን ፎቶ ማንሳትን እንዴት ተማርን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የፎቶ ቡድኑ ያቀረበው ንግግር፣ ወረታ)



ስለ ፎቶ ቡድናችን እንድንናገር ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶናል። "ቁጠባና ብድሩ ሳያንስ ደግሞ ፎቶ?" ያላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ከእኛም መካከል እንዲያ ያለች ነበረች። ስለዚህ ከመነሻው እንጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር፣ ርብ ሞልቶ ማሳውን ባጥለቀለቀ ማግስት፣ እንግዶች መጥተው ፎቶ አንስተው ሄዱ። የዚያን ዕለት ገንዘብ ያዣችን እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው የተረፈውን ሩዝ ሲያዩ ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ ባሕር ዳር ያለ የእህታቸው ልጅ ያንን ፎቶ በስልኩ አየው። ከሥሩ የተጻፈው የሚላስ የሚቀመስ ያጡ ምስኪን እናት የሚል ነው። በዚያ ቀን እኮ ጎተራቸው ውስጥ ያለፈው ዓመት ሩዝ ነበረ፤ የቁጠባ ሣጥናችንም ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነበረ። ፎቶውን አይተው "ጎርፉ እውነት ነው፤ እኔ ግን እዚህ ውስጥ የለሁም" አሉን።

መጀመሪያ ያሰብነው ከእንግዲህ ለማንም ፎቶ አንነሳም ልንል ነበር። ነገር ግን ደጋፊ ከሩቅ ሆኖ የሚያየን በፎቶ ነው፤ የሩዝ ገዢውም እንዲሁ። እንግዲያው ራሳችን እናንሳ ተባባልን። ካሜራ አልነበረንም። በመካከላችን የነበሩት ደህና ስልኮች አምስት ሲሆኑ የአንዱ መስታወት የተሰነጠቀ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቁጠባ ስብሰባ በኋላ አንድ ሰዓት እየቆየን መለማመድ ጀመርን።

የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎቻችንን ብናሳያችሁ ትስቃላችሁ። ሁሉም ጭጋግ የለበሱ ናቸው። ስልኩ ተበላሽቷል ብለን ልናሠራው ስንል፣ ለካ ሌንሱ ላይ ያለው የወጥ ቤት ቅባት ነው! ወጥ እያማሰሉ ስልክ የሚያነሱ እጆች ናቸውና ምን ይደረግ። ከዚያ ወዲህ ማንኛዋም አንሺ ሌንሷን በንጹሕ የነጠላ ጫፍ ሳትጠርግ አታነሳም። ገንዘብ ሳያስወጣ ፎቶን እንዲህ የሚያሻሽል ሌላ ነገር እስካሁን አላገኘንም።

ቀጥሎ ያስቸገረን ፊት ነው። ለበዓል ነጭ ለብሰን እኩለ ቀን ላይ ሜዳው ላይ ተሰልፈን ስንነሳ፣ ልብሳችን ያበራል፣ ፊታችን ግን ጥላሸት ይመስላል፣ ዓይናችን ጉድጓድ ይሆናል። አንዳንዶቻችን ጥፋቱ የመልካችን መስሎን ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ስልኩ ብዙ ነጭ ነገር ሲያይ ቦታው ብርሃን የበዛበት ይመስለውና ሁሉንም ያጨልመዋል፤ ፊታችንም አብሮ ይጨልማል። በፊልሙ ዘመንም ቢሆን መሣሪያው ለእኛ ተብሎ አልተሠራም። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች። ቡናማ ቀለም በደንብ አልወጣም ብለው ኩባንያውን ከወተወቱት መካከል ደግሞ ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚሸጡ ድርጅቶች ይገኙበታል። የሰው ፊት ሳይሆን ቸኮሌት!

መፍትሔው ቀላል ነው። ከማንሳት በፊት በስክሪኑ ላይ ፊቷን በጣት መንካት ነው። በብዙ ስልኮች ላይ የፀሐይ ምልክት ብቅ ይላል፤ እሱን ወደ ላይ ስትስቡት ፎቶው ይበራል፣ ወደ ታች ሲሆን ይጨልማል። ሰዓትም መምረጥ ነው። ሜዳችን ጥላ የለውም፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እናነሳለን። የግድ በቀትር ከሆነ ከዛፍ ወይም ከቤት ጥላ ሥር እናቆማለን።

ቤት ውስጥ ሲሆን ዋናው መብራታችን በሩ ነው። ተነሺዋ ከደጃፉ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ ውጭ ታዞራለች። አንሺዋ በሩን ሳትጋርድ ከጎን ትቆማለች። ፍላሽ አንጠቀምም፤ የምጣዱን እንፋሎትና ጭስ ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። ያው ጭስ ከበሩ በሚገባ ብርሃን ሲታይ ግን እንዴት እንደሚያምር፣ በየቤታችሁ ሞክራችሁ እዩት። ራቅ ያለውን ለማቅረብ በጣት መጎተትንም ትተናል፤ ፎቶው ይሻክራል። እግር እያለ ጠጋ ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ ጎርፉ እንመለስ፤ ቡድናችን ከሁሉ ይልቅ የደከመው በእሱ ነው። ርብና ጉማራ ሲሞሉ፣ ጣናም ሲገፋ፣ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ባሉ ቀበሌዎች ምን እንደሚሆን ለእናንተ አንነግራችሁም። ችግሩ ጉዳት መዝጋቢዎች የሚመጡት ብዙ ጊዜ ውሃው ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው፤ የሚያዩት ጭቃ ነው። የእኛም ፎቶዎች መጀመሪያ አልጠቀሙም። ውሃ ብቻ ይታያል፤ የማን ማሳ እንደሆነ፣ ጥልቀቱ ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም፤ ሐይቁ ነው ቢባልም መከራከሪያ የለንም።

ስለዚህ ዘዴ ቀየርን። በየማሳው ዳር የማይንቀሳቀስ ምልክት መረጥን፤ አንዱ ጋ ዋርካ፣ ሌላው ጋ የቤት ጥግ። በሰኔ ከዚያው ቦታ ቆመን አነሳን። ጎርፉ ሲመጣ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ከፍታ፣ ያንኑ ምልክት ፎቶው ውስጥ አስገብተን አነሳን። ውሃው ውስጥ በየክንዱ ቀለም የተቀባ ካስማ አቆምን፤ ጥልቀቱ ካስማው ላይ ይነበባል። በመስከረም ለሦስተኛ ጊዜ። ቀኑንና የባለማሳዋን ስም በደብተር መዘገብን። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ከመዝገብ ቀርተው የነበሩ የሁለት አባሎቻችን ማሳዎች እነዚያን ሦስት ፎቶዎች ጎን ለጎን ካሳየን በኋላ ተመዘገቡ። ማሳው አልዳነም፤ ዘር ግን አገኙ። እነዚህ ፎቶዎች አያምሩም፤ ማንም ግድግዳ ላይ አይሰቅላቸውም። ለእኛ ግን ካነሳናቸው ሁሉ የሚበልጡት እነሱ ናቸው።

አንድ ጥፋታችንንም እንናገር። ሩዝ ለመሸጥ ፎቶ ስንልክ፣ ከመካከላችን አንዷ ስልኩ ላይ ባለው ማሳመሪያ ፍሬውን አንጽታ አንጽታ በረዶ አስመሰለችው። ኤክስ ጅግና ሩዝ በነጭነቱ እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ። ገዢው መጥቶ ጆንያውን ሲፈታ "ፎቶው ላይ ያለው ሩዝ የት ሄደ?" አለ። መልስ አልነበረንም፤ ዋጋ ቀንሰን ሸጥን። አሁን ፍሬውን በጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግተን፣ ከጎኑ አንድ ነጭ ወረቀት አስቀምጠን በጥላ እናነሳለን። ወረቀቱ በፎቶው ላይ ነጭ ከሆነ የሩዙም ቀለም እውነተኛ ነው። የተሰበረውን ፍሬም አንደብቅም። ፎቶውን በቴሌግራም ስንልክ እንደ ፋይል እናደርገዋለን፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ እንበል። ከብት የሚነሳው ከጎን፣ ከሆዱ ትክክል ዝቅ ብሎ፣ አራቱም እግር ሲታይ ነው፤ የፎገራ ከብት ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ስለ ነጠላው ያልነው ለእሱም ይሠራል። ሩዝ ሲዘራ በላይዳ የተወረወረው እብቅ እንዲታይ ፀሐይዋን ከአውድማው በስተጀርባ አድርጉ፤ ማንሻውን ተጭናችሁ ስትቆዩ ብዙ ስልኮች ተከታታይ ፎቶ ያነሳሉ፤ ከመካከሉ አንዱ ይወጣላችኋል። ራሱ ላይ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለውን ትልቁን ወፍ ግን በስልክ አቀርባለሁ ብላችሁ አታባርሩት። በሩቁ ከነሜዳው አንሱት፤ ሜዳው ራሱ ያምራል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር አለን። አይዳ ሙሉነህን ታውቋት ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች ኢትዮጵያዊት ፎቶ አንሺ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤድ ስለ ውሃ እጦት ሥራ እንድትሠራ ሲጠይቃት አፋር ውስጥ ዳሎል ድረስ ሄደች። በጨው ምድር ላይ ሴቶችን ደማቅ ቀይና ሰማያዊ አልብሳ፣ ፊታቸውን ቀለም ቀብታ አነሳቻቸው። የውሃው ችግር አልተሸፈነም፤ ሴቶቹ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። እኛ እንደ እሷ አንችልም፤ ነገር ግን ችግርን አሳይቶ ሰውን አለማሳነስ እንደሚቻል ከእሷ ሥራ አይተናል።

ስለዚህ ለሪፖርት "የሚያሳዝን ፎቶ ላኩልን" አትበሉን። አሠራራችን ይህ ነው፦ ተነሺዋን ለምን እንደሆነ ነግረን እንጠይቃለን፤ ካነሳን በኋላ እናሳያታለን፤ አልወደድኩትም ካለች እዚያው ፊቷ እናጠፋዋለን። ከሥሩ የሚጻፈውን በአማርኛ እናነብላታለን። እናንተም ቃሉን ስትተረጉሙ አትቀይሩት፤ ካሳተማችሁም አንድ ቅጂ ለባለቤቷ ይድረሳት። ያለ ወላጅ ፈቃድ የልጅ ፎቶ አንልክም፤ የታመመ ሰው ፎቶም አንልክም። በዚህ ምክንያት ባለፈው ዓመት የጠየቃችሁንን ሁለት ፎቶዎች አላገኛችሁም፤ ይቅርታ አንጠይቅም።

በዚህ ዓመት ሪፖርት ሽፋን ላይ ያሉትን እናት አይታችኋል። እኒያው ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፦ የቤታቸው ደጃፍ፣ በማለዳ፣ የቁጠባ መዝገቡ ጉልበታቸው ላይ። አሥራ አራት ጊዜ አነሳናቸው፤ አሥራ ሦስቱን አልወደዱም።

የሚቀጥለው ልምምድ ቅዳሜ ከስብሰባው በኋላ ነው። ባትሪ ሞልታችሁ፣ ሌንሳችሁን ጠርጋችሁ ኑ። ስልክ የሌላችሁም ኑ፤ ካስማውን የሚይዝ ሰው ያስፈልገናል።