«ዕቃ መጥቶልዎታል» ስለሚል የሐሰት መልእክት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



የመረጥኩት ርእስ ለበዓል የሚስማማ አይመስል ይሆናል። ስለ ጋፋት መድፍ ወይም ስለ ጉና ተራራ መናገር ሲቻል ስለ ሌባ ለመናገር መነሣት ለአንዳንዶቻችሁ ያስቅ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሌባ በር ሳይሰብር፥ አጥርም ሳይዘል፥ በአባቶቻችን ኪስ ባለው ስልክ በኩል የሚገባ ነው። በሩን የምንከፍትለትም ብዙ ጊዜ እኛው ተማሪዎች ስለ ሆንን ነገሩን ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም።

መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ «ውድ ደንበኛ፥ በስምዎ የመጣ ዕቃ አድራሻው ስላልተሟላ በመጋዘን ቆሟል። በ12 ሰዓት ውስጥ ከዚህ በታች ያለውን ሊንክ ከፍተው 85 ብር ካልከፈሉ ዕቃው ወደ ላኪው ይመለሳል።» አንዳንዱ የፖስታ ቤትን ስም፥ አንዳንዱ እንደ ዲ ኤች ኤል ያለ የታወቀ የዕቃ አመላላሽ ድርጅት ስም ይዋሳል። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ አሠራሩ አንድ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው «ዕቃ እንደምጠብቅ ማን ነገራቸው?» ብሎ ይደነቃል። ማንም አልነገራቸውም። ሌባው ስማችሁን አያውቅም፤ «ውድ ደንበኛ» ማለቱም ስለዚህ ነው። አንዱን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሺህ ቁጥሮች ይበትነዋል። ከብዙ ሺህ ሰው መካከል ደግሞ በዚያው ሳምንት ዕቃ የሚጠብቅ አይጠፋም። እስቲ የየቤታችንን ነገር እናስብ። አንዱ ቤት ዐረብ አገር የሄደች እኅት አለች፤ ሌላው ቤት አሜሪካ ያለ አጎት አለ፤ ልጁ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያልሠፈረበት ቤት ጥቂት ነው። እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ሁሉም አንዳች ነገር ይጠብቃል። ስለዚህ በጨለማ የተወረወረው ድንጋይ አንዱን መምታቱ የወርዋሪውን ዐዋቂነት አያሳይም።

85 ብር መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ሌባው «በሬ ሸጣችሁ ክፈሉ» ቢል ማንም አይሰማውም ነበር። ትንሽ ገንዘብ ግን ሰው ሳያማክር ይከፈላል። የ12 ሰዓቱም ገደብ እንዲሁ ነው፤ ማታ ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ፥ ወይም ጎረቤት እስኪጠየቅ ድረስ ጊዜ እንዳይገኝ የተደረገ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ይህን መልእክት ለማወቅ ከሁሉ የሚረዳው ዕቃ በእውነት ወደኛ የሚመጣበትን መንገድ ማወቅ ነው ለማለት እደፍራለሁ። በአገራችን ፖስታ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ለብዙ ዘመን የቆየው ልማዳችን ደብዳቤም ሆነ ዕቃ ወደ ሰው ቤት ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ወደ ፖስታ ቤት መምጣቱ ነው። ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ይሄዳል፤ የሚከፈል ቀረጥ ካለበትም እዚያው ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበላል። አዲስ አበባን በመሳሰሉ ከተሞች ቤት ድረስ የሚያደርሱ ድርጅቶች ቢኖሩም በኛ ደጋ አገር የተለመደው ይህ ነው። እንግዲህ «የመንገድዎ ስምና የፖስታ ኮድዎ ስላልተሟላ» የሚል መልእክት ወደ ፋርጣ ወይም ወደ ጋይንት ሲመጣ ምን ማለት ነው? ከመካከላችን የፖስታ ኮድ ያለው ማን ነው? ጽሑፉ ለሌላ አገር ሰው ተዘጋጅቶ ወደኛ የተገለበጠ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል።

ሁለተኛው መንገዳችን አውቶቡስ ነው። ዘመድ ዕቃውን ለረዳቱ ይሰጥና ስልክ ይደውላል፤ እኛም መናኸሪያ ሄደን እንቀበላለን። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሚደውልልን የምናውቀው ሰው ነው፤ ድምፁንም እናውቀዋለን። የማናውቀው ሰው ደውሎ «ዕቃችሁ እጄ ላይ ነው፤ አስቀድማችሁ ገንዘብ በቴሌብር ላኩ» ቢለን ግን ዕቃውን ላከ ለተባለው ዘመድ በራሱ ቁጥር መደወል ይገባል። የአንድ ደቂቃ የስልክ ሒሳብ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አያድንም።

ሌላም አለ። በፌስቡክ የተዋወቀ የባሕር ማዶ «ወዳጅ» ወርቅ ሰዓትና ዶላር ያለበት ስጦታ ልኬአለሁ ይላል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ሰው «ከጉምሩክ ነው የምደውለው፤ ዕቃው ቦሌ ተይዟል» ብሎ ክፍያ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ከተከፈለ ሌላ ክፍያ ይከተላል። የመንግሥት ቀረጥ በግለሰብ ስም ወደ ተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንደማይገባ ማስታወስ ብቻ ይህን ተንኮል ያፈርሰዋል።

ይህ መከራ የኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ «ፍሉቦት» የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በ2013 ዓ.ም. በሐሰተኛ የዕቃ መልእክት አማካይነት ተሠራጭቶ ነበር። ሊንኩን ከፍቶ የቀረበለትን አፕ የጫነ ሰው የባንክ ምስጢሩን ይሰረቃል፤ ከዚያም በላይ ስልኩ ራሱ በውስጡ ወዳሉት ቁጥሮች ያንኑ መልእክት ይልክ ነበር። የ11 አገሮች ፖሊሶች ተባብረው ያፈረሱት በ2014 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ሰዎች በስልክ የጽሑፍ መልእክት በጀመረ ማታለል 470 ሚሊዮን ዶላር መክሰራቸውን ለመንግሥት አመልክተዋል፤ ከማታለሉ ዓይነቶች ሁሉ ብዙ አቤቱታ የቀረበበት ይኸው የሐሰት ዕቃ ነበር። የአሜሪካ ፖስታ ደንበኛው ራሱ ካልጠየቀ የስልክ መልእክት እንደማይልክ፥ ሲልክም ሊንክ እንደማይጨምርበት አስታውቋል። እዚያ ላሉ ዘመዶቻችሁ ስትደውሉ ይህን ብትነግሩአቸው መልካም ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የገብስና የድንች ሽያጭ ገንዘብ በስልክ ውስጥ ማደር ጀምሯል። ይህ ትልቅ ምቾት ነው፤ ሌባውም ዐውቆታል። እርሱ የሚፈልገው 85 ብሩን ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሚፈልገው የሚስጥር ቁጥሩን፥ ወይም በመልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ባንኮችና ኢትዮ ቴሌኮም የሚስጥር ቁጥር በስልክ እንደማይጠይቁ ደጋግመው አስታውቀዋል። ስለዚህ የጠየቀ ሰው፥ የማንንም ስም ቢጠራ፥ በመጠየቁ ብቻ ሌባ መሆኑን ገልጧል።

አፄ ቴዎድሮስ በዚህ በደብረ ታቦር በተቀመጡበት ዘመን የንጉሥ ደብዳቤ በማኅተሙ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በመልእክቱ ራስ ላይ የሚታየው ስም ግን ማኅተም አይደለም፤ ተንኮለኛ ሰው የፈለገውን ስም ሊጽፍበት ይችላል።

ይሁን እንጂ የሒሳብ ትምህርት ለሚወዱ ጓደኞቼ አንድ የማኅተም ወንድም ላሳያችሁ። በዓለም አቀፍ ፖስታ ተመዝግቦ የሚመጣ ዕቃ 13 ምልክት ያለው ቁጥር አለው፤ ሁለት የላቲን ፊደላት፥ ዘጠኝ አሐዞች፥ በመጨረሻም የላኪውን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ናቸው። ከኢትዮጵያ የሚላከው በኢ እና በቲ ይጨርሳል። ከዘጠኙ አሐዞች የመጨረሻው እንዲሁ የተጻፈ አይደለም። ስምንቱን አሐዞች በተራ በ8፥ በ6፥ በ4፥ በ2፥ በ3፥ በ5፥ በ9ና በ7 ታባዛላችሁ፤ ውጤቱን ትደምራላችሁ፤ ድምሩን ለ11 አካፍላችሁ ቀሪውን ከ11 ትቀንሳላችሁ። ለምሳሌ 12345678ን ብንወስድ ድምሩ 204 ይሆናል፤ ለ11 ሲካፈል 6 ይቀራል፤ 11 ሲቀነስ 6 ደግሞ 5 ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር 123456785 ነው። (ልዩነቱ 10 ከመጣ 0፥ 11 ከመጣ 5 ይጻፋል።) የዚህ ዓይነት ቁጥር በሒሳቡ ካልወጣ የውሸት ነው። ቢወጣ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ሌባ የእውነተኛ ዕቃ ቁጥር ሊገለብጥ ይችላልና። የግል ድርጅቶችም የራሳቸው ሌላ ዓይነት ቁጥር አላቸው።

አሁን ለጓደኞቼ የምለው አለኝ። በየቤታችን ያልተማረ አባት ወይም አያት ስልኩን አውጥቶ «ልጄ፥ ምን ይላል?» ብሎ ሲሰጠን፥ የምናነበውን ቃል እንደ መጽሐፍ ቃል ያምነዋል። እኛ «ዕቃ መጥቶልሃል፥ ክፈል ይላል» ብለን ብቻ ብንመልስ፥ ሌባው የሚናገረው በኛ አፍ ሆነ ማለት ነው። ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ «ይህን የላከው ቁጥር አይታወቅም፥ ዕቃ ላክሁ ያለህ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ የአንባቢው ሥራ ነው። ሊንኩን እኛው በጉጉት ነክተን «ምን እንደ ሆነ ልይ» ማለትም ያው ነው፤ የአባታችን ገንዘብ የኛ መማሪያ አይደለም።

ወላጆች ሆይ፥ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ማፈር አይገባም። በዝምታ የሚያልፈው ሰዓት ሌባው ገንዘቡን አውጥቶ የሚወስድበት ሰዓት ነው። ቴሌብር ከሆነ ወዲያው ወደ 127፥ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ ወደ 951 ደውላችሁ ሒሳቡ እንዲታገድ ጠይቁ፤ የሚስጥር ቁጥራችሁን ለውጡ። መልእክቱን አታጥፉት፤ ለፖሊስ ማስረጃ ነው። ማታለል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ሲሆን፥ በኮምፒዩተር የሚደረገውን ደግሞ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይመለከተዋል። እውነቱን ለመናገር የሄደ ገንዘብ ሁልጊዜ አይመለስም፤ ፈጥኖ ያመለከተ ሰው ግን ከዘገየው የተሻለ ተስፋ አለው።

ሰዓቱ ስለ ደረሰ በዚሁ አበቃለሁ። አጠራጣሪ መልእክት በስልኩ ያለው ሰው ለሻይ ስንወጣ ቢያሳየኝ ቁጥሩን አብረን እናሰላዋለን፤ ጠመኔውም ከሰሌዳው ሥር አለ።